ለድሮን ፍለጋ ከካሜራው በፊት ውሃውን እንለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ውሃ ውስጥ የሰጠመን ነገር በድሮን ስለመፈለግ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ጥራት ነው። ፍለጋውን አብዝቶ የሚያበላሸው ግን የውሃው ገጽ ነጸብራቅ ነው። ሌንሱ ላይ የሚገጠም ፖላራይዘር ማጣሪያ ነጸብራቁን ይቀንሳል፤ ካሜራው ቀጥ ብሎ ቁልቁል ካየ ግን እምብዛም አይረዳም። ከቁልቁሉ መስመር 53 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ፣ ማጣሪያውን እያዞሩ ገጹ ጠቆር የሚልበት ላይ ማቆም ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቁልቁል ማንሳት ምስሉን በነጭ ብልጭታ ይሞላዋል።

ከበረራው በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ክብ ሳህን በገመድ አስምጡ። ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ለተራ ካሜራም ግምታዊ ወሰን ነው። ከድሮን ወደ ውሃው ተልኮ በሚመለሰው ብርሃን የሚለካ 532 ናኖ ሜትር አረንጓዴ ሌዘር፣ እንደ መሣሪያው፣ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በደፈረሰ ውሃ ግን እሱም ስለሚበተን በድምፅ ሞገድ ወደሚፈልገው ሶናር መሄድ ይሻላል፤ ሰው እየተፈለገ ደቂቃ ማባከን አይገባም።

ለጠላቂዎች የሚነገረው ጥልቀትም ይታረም። ብርሃን ስለሚሰበር፣ ከአናቱ ሲታይ 3 ሜትር ላይ ያለ የሚመስለው ዕቃ 4 ሜትር ላይ ነው። አዘንብሎ ለተነሳ ምስል ስህተቱ ይብሳል።