ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ ማሙሽ ዘፈን

በርሊን፣ ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ ስለ ወንድሜ ስለ ማሙሽ የነገሩኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ በሚቆራረጥ ስልክ ከምመልስልዎ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ። በሁለት ፊልም ላይ መታየቱ ሳያንሰው ዘፋኝም ልሁን ማለቱ፣ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ በሌሊት እያንጎራጎረ ጎረቤት ማስቸገሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የክሊፕ ገንዘብ ከእኔ መጠየቁ እንዳስቆጣዎት ገብቶኛል። «አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ስልኩን ሲዘጉት መልስ አጥቼ ቀረሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከምንከባከባቸው አሮጊት ቤት ነው። እኚህ ሴት የሚኖሩት ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ማርዛን በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ ሕንጻዎቹ እርስ በርስ ከመመሳሰላቸው የተነሣ ኮዬ ፈጬ የደረስሁ የሚመስለኝ ቀን አለ። ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ሳለብሳቸው የሚያስከፍቱኝ አንድ የድሮ ሸክላ አለ፤ ዘፋኙ ማንፍሬድ ክሩግ ይባላል። እኔ ዕድሜውን በሙዚቃ የጨረሰ ሰው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስቀው፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ከታወቁት የፊልም ተዋንያን አንዱ እንደ ነበረ ነገሩኝ።

ክሩግ ሥራ የጀመረው በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ነው። በግንባሩ ላይ የነበረው ጠባሳ የቀለጠ ብረት ተፈናጥሮ ያተረፈለት እንደ ሆነ ይነገራል። ኋላ ተዋናይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ ፊልም ላይም ከብረት አቅላጭነት ወደ ተዋናይነት የሚሸጋገር ሰው ሆኖ፣ ማለትም ራሱን መስሎ ተጫወተ፣ እዚያውም ዘፈነ። በ1966 የተወነበት ሌላ ፊልም ግን ባለሥልጣናቱን ስላላስደሰተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሲኒማ ቤት ተነሥቶ ከ20 ዓመት በላይ ታግዶ ኖረ። አባቴ፣ እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከ1971 እስከ 1976 ጉንተር ፊሸር ከሚባል የሙዚቃ ሰው ጋር አራት ሸክላ አሳተመ፤ ለዘፈኖቹ ግጥም ሲጽፍም ክሌመንስ ከርበር በሚል የብዕር ስም ነበር። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሰው፣ ግጥሙ በራሱ እግር እንዲቆም ስሙን ሲደብቅለት ያስቡት። ምክንያቱ ይህ መሆኑን የነገረኝ የለም፤ እኔ ግን እንዲህ ብዬ ነው የተረጎምሁት።

በ1976 መጨረሻ መንግሥት ቮልፍ ቢርማን የተባለውን ዘፋኝ ዜግነቱን ሲገፍፈው፣ ክሩግ ከተቃወሙት መካከል ሆነ፤ ሥራው ስለ ተዘጋበትም በ1977 ሰኔ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ተሻገረ። እኛም ደርግ ባመጣብን መከራ ውስጥ የነበርንበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ቡና አጥሯት ከእኛ አገር ቡና በጦር መሣሪያ ትለውጥ እንደ ነበር አሮጊቷ ያነሡልኛል፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያወሩት። በምዕራብ ክሩግን ሕዝቡ ያወቀው በቴሌቪዥን ድራማ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጠበቃና የፖሊስ መርማሪ ሆኖ ሲጫወት ነው፤ በመርማሪው ድራማ ውስጥ ግን ከባልደረባው ጋር እየዘፈኑ ተመልካቹን አስለመዱት።

እንግዲህ ተረትዎን በተረት ብመልስ እንዳይቀየሙኝ፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉትም የእኛው አባቶች ናቸው። ደግሞስ ትወናና ዘፈን ለእኛ አገር መቼ ሁለት ዛፍ ሆነው ያውቃሉ? ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕዝቡን በጠላት ወረራ ላይ የቀሰቀሰው ንግግሩንም ዜማውንም በአንድ መድረክ አቅርቦ ነበር። አስናቀች ወርቁም በብሔራዊ ቴአትር ተዋናይ፣ ክራሯን ስታነሣ ደግሞ ድምፃዊ ነበረች፤ ፒያሳ እያለን እርስዎ ስሟን በአክብሮት ሲያነሡ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በልጅዎ ላይ ሲደርስ ብቻ ስድብ የሆነው ለምን እንደ ሆነ፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ አልገባኝም።

ይሁን እንጂ ማሙሽም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ዴቪድ ሃሰልሆፍ የሚባል አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ተዋናይ በዚሁ በበርሊን ግንብ ላይ መብራት የሚያበራ ጃኬት ለብሶ ዘፍኖ ነበር። አሮጊቷ ዛሬም የሚያነሡት ጃኬቱን እንጂ ድምፁን አይደለም። የማሙሽም ሐሳብ ያለው ክሊፑ ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ መኪናው ላይ ነው። የላከልኝን ዘፈን ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ ዜማው ደኅና ነው፣ ድምፁም የአያቴን ይመስላል፤ ግጥሙ ግን ተጣድፎ የተሠራ ነው፣ በማሽን የተስተካከለውም በዝቶበታል።

ስለዚህ ለክሊፕ አንዲት ሳንቲም አልልክም። ለአቀናባሪና ለድምፅ ልምምድ የሚሆነውን በሚቀጥለው ወር በእማዬ ስም በባንክ እልካለሁ፤ እርስዎ ሳይፈቅዱ ግን እንዳትሰጠው ነግሬአታለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ምሽት አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ያለ ማሽን፣ በባዶ ድምፁ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ያዘፍኑት። ከዚያ በኋላ የሚወስኑትን እቀበላለሁ።

እማዬ መንገደኛ ካገኘች ግማሽ ኪሎ ያልተቆላ ቡና ትላክልኝ፤ ሸክላውን እያዳመጥን ለአሮጊቷ አፈላላቸዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ