ነፋስ እንኳ ይፈራል፦ የፊልም ክበባችን ዓመት

መስከረም ላይ «ዘንድሮ የምናየው የሜክሲኮ ፊልም ነው» ስላቸው፣ አብዛኞቹ አባላት የታያቸው የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ነበር። አደባባዩ ለምን በዚያ ስም እንደተጠራ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ከዚያ ጀመርን። ሜክሲኮ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በሜክሲኮ ሲቲም «ኤቲዮፒያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) ጣቢያ አለ። ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈው በዚያ ከተማ መሆኑን ያወቀ ግን አልጠፋም። የመረጥነው ፊልም የወጣውም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ካርሎስ ኤንሪኬ ታቦአዳ ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነፋስ እንኳ ይፈራል» ይሆናል። በዚያ ዘመን የሜክሲኮ አስፈሪ ፊልም ሲባል ጭምብል ያጠለቁ ነጻ ትግል ተፋላሚዎች ከቫምፓየር ጋር ሲደባደቡ የሚታይበት ነበር። ታቦአዳ ይህን ሁሉ ትቶ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ማንም እንዳይወጣበት የተከለከለ ማማና የሌሊት ነፋስ ብቻ ይዞ መጣ። ክላውዲያ የምትባል ተማሪ በሕልሟ የተሰቀለች ልጅ ታያለች። ከጓደኞቿ ጋር ማማው ላይ ወጥተው ሲያዙ፣ እረፍቱን እዚያው ግቢ እንዲያሳልፉ ይፈረድባቸዋል። ያቺ ልጅ አንድሬያ ነበረች። እናቷ ታመው ልሂድ ብላ ብትጠይቅ ዳይሬክተሯ በርናርዳ ከለከለቻት፤ እናቷ ሞቱ፣ እሷም ራሷን አጠፋች። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ያየነው ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል አባላት ጋር ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤታችን የምክር አገልግሎት ባለሙያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረውን ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን ፕሮጀክተሩን በደብተር ጋርጄ አምስት ደቂቃ ድምፁን ብቻ አሰማኋቸው። ከዚያ የሰሙትን ጻፉ። አንዷ ወረቀቷ ላይ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፦ «ነፋሱ ክላውዲያ እያለ ሲጠራ እኔን የጠራኝ መሰለኝ።»

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ግን ትርጉሙ ነበር። ልጆቹ ሰብታይትሉን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ መለሱት። ስፓኒሽ እንደኛው «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን ይለያል፤ የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆታል። ማርጋ ሎፔዝ የምትጫወታትን በርናርዳን ተማሪዎቹ «እርስዎ» ማለታቸው አላከራከረም። ለልጆቹ የምትራራው መምህርት ሉሲያ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀን። በመጨረሻ «እርስዎ» ጸና፤ ደግ መሆኗ ታላቅነቷን አያስቀርም ተባለ። ከሁሉ የጦፈው ክርክር የተነሳው ፊልሙ ውስጥ በሌለ ቃል ነው። ክላውዲያ ለዚያ ጥሪ ብትመልስ «አቤት» ትል ነበር ወይስ «ወዬ»? አንዱ ልጅ ሴት አያቱ ማታ ስምህ ሲጠራ ቶሎ አትመልስ እንደሚሉት ተናገረ። ሌላዋ ተነሥታ «ወዬ ነው የምትለው፤ አንድሬያ እኮ እንደሷው ተማሪ ናት» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድሬያ ለሁላችንም መንፈስ ብቻ ነበረች።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስንወጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ በርናርዳ ያን ቀን ፈቃድ ብትሰጣት ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ የፈቃድ ወረቀት በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ብዙውን ቆሜ ነበር የምመልሰው። አሁን ልጁን አስቀምጬ ነው የማነበው።

የታቦአዳን ሌሎች ፊልሞች ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍናቸው። የ1969ኙን፣ መጽሐፍ የያዘ የድንጋይ ሐውልት ከአንዲት ሕፃን ጋር የሚወዳጅበትን፣ ታናናሾቹ አባላት ወደዱት። የ1975ቱ፣ ጥቁር ድመት ያለችበት፣ ያን ያህል አልያዘንም።

ለመጪው ዓመት የ1984ቱን፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች ስለ ጥንቆላ የሚጫወቱበትን ይዘናል። ካሜራው በልጆቹ ቁመት ስለሚሄድ የአዋቂዎቹ ፊት አይታይም። ቬሮኒካ የምትባለው ልጅ ጓደኛዋን «እኔ ብሩሃ ነኝ» እያለች ታሳምናታለች። ብሩሃን «ጠንቋይ» እንበላት፣ «መተተኛ» ወይስ «ቡዳ»? ሦስቱም ቃላት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፈዋል፤ የጽዳት ሠራተኞቻችንም እንዳያጠፏቸው ለምነናል።