ቀዳዳ ካርቶን በየጤና ኬላው ይግባልን

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የዓይን መፈተሻ ካርቶንና የቅርብ መነጽር ቀበሌ ድረስ እንዲወርድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ደብረ ማርቆስ መነጽር ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አነጣጣሪ አባቶቻችን ዓይን ነው። ጊዜው ስለ ጠመንጃ እንደ ጨዋታ የሚወራበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎጃም ምን እያሳለፈች እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ተኩስ ይፈቀድ እያልኩ አይደለም፤ ጥያቄዬ የዓይን ነው።

እኛ አገር አልሞ መምታት ክብር ነው። በሰላሙ ጊዜ ዒላማ ተክለው ሲፎካከሩ የኖሩ ሰዎች ከ40 ዓመት በኋላ አንድ ነገር ይገጥማቸዋል። የዓይናቸው ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል። ባለ ጠመንጃ ደግሞ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የኋላ ማነጣጠሪያውን፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉጥ፣ ከዚያ ዒላማውን። ጤነኛ ዓይን እንኳ ሦስቱን እኩል አያጠራም። ጥሩ ተኳሽ ጉጧን ያጠራል፣ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝም ይተወዋል። ዕድሜ ሲገፋ የምትጠፋው ያቺው ጉጥ ናት።

አንድ ደንበኛዬ፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ አባት፣ መላውን ራሳቸው አበጅተው መጡ። የመድኃኒት ካርቶን ቆርጠዋል። በወስፌ ጫፍ በስተውታል። በፕላስተር የመነጽራቸው ቀኝ መስታወት ላይ ለጥፈውታል። ቀዳዳዋ መሀል ላይ አይደለችም፤ ወደ አፍንጫ ጠጋ፣ ከፍም ብላለች። ጉንጭ ሰደፍ ላይ ሲያርፍ ዓይን የሚያየው በዚያ በኩል ነውና። የግራው መስታወት ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር አለ። ግራ ዓይናቸውን መጨፈን ቀኙንም እያደከመባቸው ስለነበር ነው። በዓለም አቀፍ የተኩስ ውድድር የማያነጣጥረውን ዓይን እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መከለያ መሸፈን ይፈቀዳል። እሳቸው ግን ይህን የነገራቸው የለም።

«ልጄ፣ ጉጧ መጣችልኝ እኮ!» አሉኝ።

የመጣችበት ምክንያት ቀላል ነው። ጠባብ ቀዳዳ በዳር የሚገባውን የተበታተነ ብርሃን ያስቀርና በመሀል የሚመጣውን ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል። ሐኪም ቤት ለምርመራ የሚጠቀሙበት ቀዳዳ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከጠበበ ብርሃኑ ራሱ ይበተንና መልሶ ይደበዝዛል። በቀትር ፀሐይ ግሩም ነው፤ አመሻሽ ላይ ግን ጨለማ ነው።

እርጅና ብቻውን ሰውን ከዒላማ አያስቀርም። ስዊድናዊው ኦስካር ስዋን እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በተኩስ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ዕድሜው 72 ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። የእኚህ አባት ካርቶን ማነጣጠሪያ ብቻ አይደለችም፤ ምርመራም ናት። በቀዳዳው ሲያዩ የሚጠራላቸው ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው። ካልጠራ ግን የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ጥሎት ያለፈው ጠባሳ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ወደ ሐኪም መላክ አለባቸው። ሁልጊዜ እርግጠኛ ባይሆንም ለመለየት ትልቅ እገዛ ነው። ክልላችን በዓለም የዓይን ማዝ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ይህ ልዩነት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቶ ነበር። እይታቸው ከደከመው ሰዎች የአንድ ሦስተኛው ያህል ችግር መነጽር ማጣት ነበር። መነጽር ብቻ! ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ጉጧ የጠፋችባቸው ተኳሽ ካርቶን በስተው መላ ፈለጉ። ምስር የምትለቅመው እናት፣ ዳዊት መድገም ያቃታቸው ቄስ ግን «እርጅና ነው» ብለው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦርሳ ውስጥ የተበሳ ካርቶንና የእይታ ሰሌዳ ይግባ። አጠቃቀሙን ለማሠልጠን ግማሽ ቀን በቂ ነው። በየጤና ጣቢያው ደግሞ ተራ የቅርብ መነጽር በመጣበት ዋጋ ይሸጥ። ከማቻከል ወይም ከስናን አንድ ገበሬ ለአንድ መነጽር ብሎ ከተማ ሲወጣ ትራንስፖርቱ ከመነጽሩ ሊበልጥ ይችላል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።

ሥልጠናው ላይ አደጋውም ይነገር። በቀዳዳ የሚያይ ሰው ዙሪያውን አያይም፤ ለብሶት መንገድ መሄድ የለበትም። ዒላማ የሚተኩስም ከሆነ ከዒላማው ግራና ቀኝ፣ ከጀርባውም ማን እንዳለ በባዶ ዓይኑ ሳያረጋግጥ ቃታ መንካት የለበትም። ቆርቆሮ በስቶ ዓይን ላይ ማሰር ደግሞ ጨርሶ ይከልከል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ዓይን ያፈርሳል።

ናሙናውን ቆርጬና በስቼ በራሴ ወጪ ለመላክ፣ ሥልጠና ላይም በነጻ ቆሜ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን በደብረ ማርቆስ ከተማ ጤና መምሪያ በኩል ብታሳውቁኝ ይደርሰኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደብረ ማርቆስ መነጽር ሠሪ