የድሮ ኮሜዲያንን ሲያሳድድ የከረመው ክበባችን፦ የኪነ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የኪነ ጥበብ ክበባችን በየዓመቱ የሚሠራው ይታወቃል። ለወላጆች ቀን ድራማ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ግጥም፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ በሚኒ ሚዲያ ጭውውት። ዘንድሮም ሦስቱም ተሠርተዋል፣ ጥሩም ነበሩ፣ ስለነሱ ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ልጆቹን ይዞ ስለከረመው ሌላ ሥራ ነው። የድሮ ኮሜዲያን እነማን ነበሩ? እንዴት ሠሩ? ስንት ዓመትስ ኖሩ?

የጀመርነው በድምፅ አልባ ፊልሞች ነው። እነሱን የመረጥኩት እንግሊዝኛ የሚከብደውም የማይከብደውም ልጅ እኩል ስለሚስቅባቸው ነው። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ፕሮጀክተር እንሰካለን፣ መስኮቱን በካርቶን እንሸፍናለን፣ መብራት ካለ እናያለን። መጀመሪያ ቻርሊ ቻፕሊንን አየን። እሱን ቢያንስ በባርኔጣውና በከዘራው የማያውቅ ልጅ የለም። ባስተር ኪተንን ግን አንድም ልጅ አያውቀውም ነበር።

ኪተን እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣ ፊልሙ ውስጥ አውሎ ነፋስ መሀል ቆሟል። ከጀርባው ያለው ቤት የፊት ግድግዳው እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። እሱ የቆመው ልክ የላይኛው መስኮት ክፍተት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ግድግዳው ዙሪያውን መሬት ይመታና ሰውየው ንቅንቅ ሳይል እዚያው ቆሞ ይቀራል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ግድግዳው እውነተኛ ከባድ ግድግዳ ነበር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፣ ከትከሻው ግራና ቀኝ የተረፈው ክፍተት ደግሞ ትንሽ ሴንቲሜትር ብቻ። ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ ድገሙት፣ ድገሙት፣ አሁንም ድገሙት ሆነ።

በማግስቱ ጥቂት የ9ኛ ክፍል ልጆች የቅርጫት ኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ መስኮት ሥለው አገኘኋቸው። አንዱ መሀል ቆሟል፣ ሌሎቹ እጁን ወደ ጎን እንዲሰበስብ ይነግሩታል። እኔም ገብቼ ቆምኩበት። ፊልሙ ላይ ሰፊ የሚመስለው መስኮት መሬት ላይ ሲሣል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ጥያቄም እዚያው ሜዳ ላይ ከአንዲት ተማሪ መጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ እንዲህ እየሠራ ስንት ዓመት ኖረ?»

ኪተን 70 ዓመት ኖሯል፣ ከ1895 እስከ 1966 (የውጭዎቹን ዓመተ ምሕረት በሙሉ የጻፍኩት በእነሱ አቆጣጠር ነው)። በ1924 አንድ ቀረጻ ላይ ከባቡር ውኃ ማጠራቀሚያ የወረደ ውኃ ገፍትሮ ሐዲድ ላይ ጥሎት አንገቱ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ያወቀው ግን ከዓመታት በኋላ ራጅ ሲነሳ ነው! ይሄንን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሃሮልድ ሎይድ ደግሞ በ1919 ለፎቶ የያዘው የማስመሰያ ቦምብ እውነተኛ ሆኖ ሲፈነዳ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አሳጥቶታል። ፎቅ ላይ ሰዓት ይዞ የሚንጠለጠልበት ዝነኛ ትዕይንት የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1923 ነው። ልጆቹ የጎደሉትን ጣቶች የሚደብቅበትን ጓንት ለማየት ፊልሙን እያቆሙ ፈተሹት።

ከዚያ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ስም፣ የተወለደበት፣ የሞተበት፣ ዕድሜ። ቻፕሊን 88፣ ሎይድ 77፣ ስታን ሎረል 74፣ አጣማሪው ኦሊቨር ሃርዲ 65። ቀጥሎ ጆርጅ በርንስ 100፣ ቦብ ሆፕ 100። ሁለቱ መቶዎች ሲጻፉ «ሳቅ ዕድሜ ይቀጥላል ማለት ነው» የሚል ጫጫታ ተነሳ። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። እኛ እኮ የጻፍነው ስማቸው የቀረልንን ነው አለ፣ በወጣትነቱ የሞተ ወይም የተረሳ ቀልደኛ እዚህ ወረቀት ላይ ከየት ይመጣል? በዓመቱ ውስጥ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይሄ በጣም አስደስቶኛል። ስለዚህ ዕድሜ ማነጻጸሩን ተውነውና ወረቀቱ ላይ ሌላ ዓምድ ጨመርን። የመጨረሻ ሥራው ምን ነበር? በስተርጅናስ ማን ጠየቀው?

ዋናው ነገር የተገኘው እዚህ ዓምድ ላይ ነው።

በርንስ ለዓመታት ከሚስቱ ከግሬሲ አለን ጋር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሠርቷል። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሳቁ የሷ ነው። በ1964 ሞተችበት። እሱ ያኔ 68 ዓመቱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አበቃለት ይላል። ግን የቅርብ ጓደኛው ጃክ ቤኒ ሊሠራው የነበረ የፊልም ገጸ ባሕርይ ቤኒ በ1974 መጨረሻ ሲሞት ለበርንስ ተሰጠው፣ በዚያም ሥራ በ80 ዓመቱ ኦስካር ወሰደ። ከዚያ በኋላም ወደ ሃያ ዓመት ገደማ መድረክ ላይ ነበር። የጓደኛውን ሥራ ተቀብሎ በ80 ዓመት እንደገና መነሳት እንዴት ያለ ነገር ነው! አንዲት ልጅ ይሄንን በአጭር ጭውውት ጽፋ በሚኒ ሚዲያ አቅርባዋለች፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ ጠይቋት።

የስታን ሎረል ታሪክ ግን ሁላችንንም ያዘን። ሃርዲ በ1957 ሲሞት ሎረል ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ መሥራትን እምቢ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሞኒካ የምትባል ከተማ ባሕሩ ዳር ትንሽ አፓርታማ ተከራይቶ መኖር ጀመረ። ስልክ ቁጥሩን ከስልክ ማውጫው ላይ አላስወጣም። ዓለም የሚያውቀው ሰው ነው፣ ቁጥሩ ግን እንደማንም ጎረቤት ማውጫው ላይ አለ። የደወለለትን ያናግራል፣ ደብዳቤ ለጻፈለት ራሱ በታይፕ ይመልሳል። ከደዋዮቹ አንዱ ዲክ ቫን ዳይክ የሚባል ወጣት ኮሜዲያን ነበር። ቁጥሩን ማውጫው ላይ አገኘ፣ ደወለ፣ ሎረል ና አለው። ተቀራረቡ። ሎረል በ1965 ሲያርፍ ቀብሩ ላይ የስንብት ንግግር ያደረገው ቫን ዳይክ ነው። ይሄው ቫን ዳይክ በ2024፣ በ98 ዓመቱ፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የኤሚ ሽልማት ወስዷል።

ልጆቹ የስልክ ማውጫ ምን እንደሆነ አያውቁም። ማስረዳቱ ራሱ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ግን ጥያቄው ወደ እኛ ዞረ፦ እኛስ ለማን ነው የምንደውለው?

መጀመሪያ ያነሱት አባባ ተስፋዬን ነው። ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወልደው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ያረፉ ሰው ናቸው። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ወጥተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘው ወታደሮችን አዝናንተዋል። ወረቀታችን ላይ ቦብ ሆፕም የአሜሪካ ወታደሮችን ሊያዝናና ኮሪያ መሄዱ ተጽፎ ስለነበር ልጆቹ ሁለቱን ስሞች በቀይ መስመር አገናኟቸው። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር ደግሞ የልጆች ፕሮግራም ይዘው ገቡ፣ ከአርባ ዓመት በላይም ቆዩበት። ተማሪዎቻችን አልደረሱባቸውም። ወላጆቻቸው ግን ደርሰዋል።

ስለዚህ የቤት ሥራው ቀላል ነበር። ቤት ሂዱ፣ አባባ ተስፋዬን የሚያስታውስ ሰው አናግሩ፣ በስልክ ቅረጹ። የመጣው ነገር ከጠበቅኩት በላይ ነው። የአንዱ አባት በልጅነቱ ስቱዲዮ ገብቶ ተረት ሊያወራ ተራው ሲደርስ ተረቱ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶበት አባባ ተስፋዬ ጆሮው ስር መጀመሪያውን ሹክ ብለውት እንደቀጠለ ተናግሯል። አንዲት እናት ሰፈራቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ እንደነበረና ጫማ በር ላይ አውልቀው ወለሉ ላይ ተደርድረው ያዩ እንደነበር አውርታለች። «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» የሚለውን ሰላምታቸውን ደግሞ ያላስታወሰ ወላጅ የለም። አንዳንዶቹ ቅጂ ላይ ድምፃቸው ተለውጦ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ነው የሚመልሱት።

በሚያዝያ አንድ አዛውንት ጋበዝን። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ውስጥ አስቂኝ ክፍሎችን ይጫወቱ የነበሩ፣ የአንድ ተማሪ ጎረቤት ናቸው። ስሜን አትጻፉ ስላሉ አልጽፍም። ጋሼ ከመጡ በኋላ መጀመሪያ ዝም ብለው ተቀመጡ። ስለዚያ ሥራ የጠየቃቸው ሰው ከመጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አንዷ ልጅ የሰካራም አካሄድ እንዴት ነው የሚሠራው ስትላቸው ግን ከዘራቸውን ለኔ ሰጥተው ተነሱ። ሰካራም አይንገዳገድም አሉ፣ ሰካራም ቀጥ ብሎ ለመሄድ ነው የሚታገለው። ከዚያ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ በሩ ሄዱ። እግራቸው አንድ እርምጃ እየሰረቀ፣ አንገታቸው ኩራቱን ሳይለቅ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ እጀታውን ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው ያዙት። ልጆቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፣ እኔም እንደዚያው። በወላጆች ቀን ያያችሁት ንግግር የሌለው ድራማ ላይ ያ በር ፍለጋ እንዳለ አለ። ጋሼም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አይተውታል።

የቀረጽናቸው ድምፆች በሙሉ በፍላሽ ተቀድተው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይገኛሉ፣ የሚሰማ ሰው መምህሯን ይጠይቅ። ትልቁ ወረቀት አሁንም ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል አባላት ሲወጡ ክበቡን የሚረከቡት የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በመስከረም የሚጀምሩት በከተማችን የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ውስጥ የነበሩ ሰዎችን በማፈላለግ ነው። ቤታችሁ የድሮ ፎቶ፣ የቴአትር ማስታወቂያ ወይም ካሴት ካለ አምጡልን፣ ኮፒ አድርገን እንመልሳለን። ከምንም በላይ ግን ሰው ጠቁሙን፣ ስልካቸውን ስጡን፣ ልጆቹ ይደውላሉ።