ለእማዬ፣ ስለ ጉልበትሽና ስለ መርፌው

ኅዳር 13 ቀን፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ለኅዳር ቁስቋም ሳትወጪ እንደ ቀረሽ የነገረችኝ እትዬ ብርቱካን ናት። አንቺማ ስደውልልሽ «ብርዱ ነው እንጂ ደህና ነኝ» አልሽኝ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋምን ያልተሳለምሽበት ዓመት የለም። የዚያን ዓመት እንኳ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጥተሻል። ብርድ አስቀርቶሽ አያውቅም። ጉልበትሽ ነው። በስልክ ሳነሣብሽ ወሬውን ወደ ልጆቹ ስለምትመልሺው ነው መጻፌ፤ አቤል ቀስ እያለ ያንብብልሽ።

ስለ አኩፓንክቸሩ፣ ስለ ቻይናዎቹ የመርፌ ሕክምና ነው። ባለፈው ሳነሣው «ስፌት ላይ ወስፌ ሲወጋኝ መኖሬ አይበቃም?» ብለሽ ቆረጥሽው። እኔ ግን ክረምት ላይ ወገቤን ስምንት ጊዜ ታክሜበታለሁ። እንዳታስቢ ብዬ ደበቅሁሽ። ስለዚህ የምነግርሽ ከሰው የሰማሁትን ብቻ አይደለም።

መርፌው ከወስፌ ጋር አይገናኝም። ጤና ጣቢያ የምታውቂው መርፌ ውስጡ ክፍት ነው፣ መድኃኒት ይዞ ይገባል። ይሄኛው ድፍን ነው፤ ምንም አይዝም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዝንብ ማባረሪያ ጭራሽ ላይ አንዲት ጸጉር ብትመዢ እሷን ያህላል፣ እንደ እሷም ይታጠፋል። በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ቆዳሽ ላይ ይቆማል፤ ሐኪሙ አናቱን በጣቱ መታ ሲያደርገው ይገባና ቱቦው ይነሣል። መርፌው ከእሽጉ የሚወጣው ፊትሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይጣላል። እሽጉ ሲከፈት ካላየሽ እንዳትተኚላቸው።

አያምም አልልሽም። ይቺን ቃል ለልጆቼም ተናግሬያት አላውቅም፤ ለምን እንደ ሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ዓይኔን ያመመኝ ጊዜ ቀሃ ወንዝ ማዶ ያለችው ሴትዮ ደጅ ላይ ቁመሽ «ጉንዳን እንደ መንከስ ነው፣ አያምሽም» አልሽኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አምኜሽ በራሴ እግር ገብቼ ጭንሽ ላይ ተቀመጥኩ። ምላጩ ቅንድቤን ሲነካው ልነሣ ብል ሁለቱን እጆቼን በአንድ እጅሽ ጠፍንገሽ ያዝሽ። ደሙ ዓይኔ ገባ። ዛሬ ከሕመሙ ይልቅ የሚታወሰኝ የእጅሽ ጥብቀት ነው። ያኔ የምታውቂው መድኃኒት ያ እንደ ነበር፣ በኢያሱ ዓይን ላይ ከደረሰው በኋላ ደግሞ ዓይን የሚባል ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። ማስበጣትሽን ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ። ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልሻርሽውም። ቅድስት ባለፈው ጠባሳዎቹን በጣቷ እየቆጠረች «ማን ቧጨረሽ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። መልሱን ካንቺ ብትሰማው እወዳለሁ።

ቅድስት ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ናትናኤል በሒሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ፤ ቁመቱ በሬን ሊደርስብኝ ነው። የላክሽው በርበሬ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሚሆነውን ሁሉ እንዳለ ልንገርሽ፤ ያኔ የጎደለኝ እሱ ነበርና።

መጀመሪያ ቀን ወዲያው አይወጉሽም። ብዙ ይጠይቁሻል፤ እንቅልፍሽን፣ ሆድሽን፣ ሕመሙ ሌሊት ነው ወይስ ስትነሺ እያሉ። ምላስሽን አውጪ ይሉሻል፤ ቀለሙንና ሽፋኑን ያያሉ። ጠዋት ቡና ከጠጣሽ ምላስሽ ስለሚጠቁር ያሳስታቸዋል፤ ቡናው ስንመለስ ይፈላልሻል። ከዚያ ሁለቱንም እጅሽን ተራ በተራ ይዘው በሦስት ጣት የደም ሥርሽን ያዳምጣሉ። ሰፊ ቀሚስሽን ልበሺ፣ ከጉልበት በላይ በቀላሉ እንዲሰበሰብ።

ጉልበት ላይ ከሎሚው በታች ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች «የጉልበት ዓይኖች» ይሏቸዋል፤ እዚያ ይወጋል። ከሎሚው አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ከቅልጥምሽ በስተ ውጭ ደግሞ ዙሳንሊ የሚሏት ነጥብ አለች። ስሟ «የእግር ሦስት ሊ» ማለት ነው፤ አንድ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የደከመው መንገደኛ እሷን ካሸ ሦስት ሊ ይጨምራል ይላሉ። ይሄን ስሰማ የቁስቋም ዳገት ነው የታየኝ።

መርፌው ሲገባ ቁንጥጫ አለው፤ ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው እንግዳ የሆነብኝ፤ ከውስጥ የመክበድ፣ የመደንዘዝ፣ አንዳንዴም ወደ እግር ጣት የሚወርድ ነገር። እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው። የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር የሚያደርግ ከሆነ ግን ቻል አድርጌ አትበዪ፣ ተናገሪ፤ ያወጡታል። መርፌዎቹ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይቆያሉ፤ እኔ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሲነቀሉ የደም ጠብታ ወይም ትንሽ ብልዝ ሊኖር ይችላል። ቶሎ አትነሺ፣ ያዞራል።

በባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ ራስ ያስታል። የምንጣላው እዚህ ላይ እንደሚሆን ዐውቃለሁ፤ ነገ ተነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፣ አንቺ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምሽም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ይሁን፤ ቀጠሮውንም ማክሰኞና ቅዳሜ አስደርጋለሁ፣ ረቡዕና ዓርብሽን አላስነካም።

ጥንቆላ ነው ወይ ላልሽው፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔም ብትጠይቂልኝ ደስ ይለኛል። ቻይናዎቹ «ቺ» የሚሉት ኃይል በሰውነት መስመሮች ይሄዳል፣ ሲታገድ ያማል ብለው ያስረዳሉ። የዛሬ ሐኪሞች መስመሮቹን በሰውነት ውስጥ አላገኟቸውም፤ መርፌው ነርቭ ሲነካ አንጎል የራሱን ማስታገሻ ያፈልቃል ይላሉ። አንቺም ትከሻሽን ዋግምት ስትታገሚ ዛር አልጠራሽም። ጥምቀታችንን በ2019 እንደ ፈረንጆቹ የመዘገበው ዩኔስኮ፣ አኩፓንክቸርንም በ2010 መዝግቦታል።

ያድናል ግን አላልኩም። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ተበልቷል» ያለውን ልም አጥንት መርፌ አይመልሰውም። ጀርመን አገር ከ1000 በላይ የጉልበት ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ወጥቶ ነበር። በትክክለኛው ነጥብ የተወጉትም፣ ሌላ ቦታ ላይ ለይስሙላ የተወጉትም ከተለመደው ሕክምና ይበልጥ ተሻላቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን እምብዛም አልተለያዩም። በ2019 የአሜሪካ ሐኪሞች ለጉልበት ቢሞከር ብለው ሲመክሩ፣ በ2022 የእንግሊዞቹ መመሪያ አይሰጥ አለ። እኔ ቀለል አለኝ፤ መርፌው ይሁን ሠላሳ ደቂቃ ዝም ብሎ መተኛቱ፣ መለየት አልችልም። አንቺ ዳገቱን ባትወጪም ሌሊቱን ብትተኚ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የደም ማቅጠኛሽን ነገር እንዳትደብቂያቸው፤ እሱን ካወቁ ይጠነቀቃሉ። አንዲት ኪኒን እንኳ በራስሽ እንዳታቋርጪ።

እማዬ፣ ሕክምናው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሆኖ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥር ጊዜ ነው። አንዴ መጥቶ መመለስ የለውም። ሁለት ወር እኛ ጋ ትቀመጫለሽ ማለት ነው።

ስለ ቃል ይህን ያህል ከወቀስሁሽ በኋላ እኔም እውነቱን ልናገር። ሁለት ወር ብዬ የጻፍኩት አንዴ ከመጣሽ አትመለሺም ብዬ አስቤ ነው። እትዬ ብርቱካን ስለ ማድቤቱ ደረጃም ነግራኛለች። ወድቀሽ እስኪነጋ እዚያው እንደ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስልክ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን በሩን ሰብረው ሲገቡ እየታየኝ ነው የምተኛው። ቤቱን ሽጪ አላልኩም። ቁልፉ እትዬ ብርቱካን ዘንድ ይቀመጥ። ሁለት ወሩ ሲያልቅ ልሂድ ካልሽ፣ እያለቀስኩም ቢሆን ራሴ ጎንደር ድረስ አደርስሻለሁ። ይሄን እንዳልሁሽ አቤል ምስክር ይሁን።

መንገዱ እንደምታውቂው ስለ ሆነ በአውቶቡስ አይታሰብም። ከአዘዞ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለጥር 15 ትኬት እቆርጣለሁ፣ ጥምቀትን ውለሽ ትመጫለሽ። ወደ ባሕሩ ስትወርጂ ግን አቤልን ይዘሽ፣ ከግፊያው ራቅ ብለሽ።

መርፌው ሲገባ አጠገብሽ እሆናለሁ። እጄን ያዢኝ ካልሽኝ እይዝሻለሁ፤ ልቀቂኝ ካልሽ እለቅሻለሁ፤ በቃኝ ካልሽ ያኔውኑ ይነቀላል። ራጁንና የመድኃኒቶችሽን ላስቲክ ከነባዶ ካርቶኑ ያዢ። የማድቤቱን ደረጃ አቤል በዚህ ሳምንት ያስደልድለው፤ ገንዘቡን ዛሬ ልኬለታለሁ።

ልጅሽ