የተሰበረ ብረት ላኩልን፦ ለ11ኛ ክፍል ወላጆች

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን። ልጆቻችሁ በዚህ ወር በፊዚክስ ስለ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ሙቀት ካለው ነገር ሁሉ ስለሚወጣው በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ይማራሉ። «ጨረር» ሲባል ሰምታችሁ የሰጋችሁ ወላጆች ቢሮ ድረስ መጥታችሁ ጠይቃችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። ነገሩ የሚያሰጋ አይደለም። ኢንፍራሬድ ከጋለ ምጣድም ከገዛ ገላችንም ይወጣል። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትርም ከእኛ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ተቀብሎ ነበር የሚለካን።

እኔን የሚደንቀኝ መሐንዲሶች በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ሥራ ነው። ብረት ሲሳብ በጥቂቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲጨመቅ ይሞቃል። ለውጡ ኢምንት ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ 1 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ሲጨመር የብረቱ ሙቀት የሚለወጠው በ1 ሺኛ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህችን ለመያዝ ዕቃውን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ከዚያ በማሽን ቶሎ ቶሎ ይስቡታል፣ ይለቁታል፤ ሙቀቱ ወደ ጎን ለመሸሽ ፋታ አያገኝም። የኢንፍራሬድ ካሜራው ከጭነቱ ምት ጋር እየተናበበ ብዙ ምስል ያጠራቅማል። በመጨረሻ ጫናው የበረታበት ቦታ በቀለም ተለይቶ ይወጣል። ሰፊ ላሜራ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ቢኖር፣ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ጫና ከሌላው ቦታ 3 እጥፍ ገደማ ነው። ብረት መሰንጠቅ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለ ቦታ ነው። ካሜራው ይህን ሳይሰበር በፊት ያሳያል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ላይም መኪና ባለፈ ቁጥር ጫናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጆቻችን የሚሻገሩትን ነገር እንዲህ እያሰቡ ቢያዩት እወዳለሁ።

ካሜራው ዋጋው አይቀመስም፤ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ባለን እንሠራለን። ማታ ልጃችሁ ሰፋ ያለ የጎማ ላስቲክ በፍጥነት ለጥጦ ከንፈሩ ላይ ቢያስነካ ሙቀት ይሰማዋል። ላስቲክ ከብረት በተቃራኒ ሲለጠጥ ይሞቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ያስረዳችሁ።

ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ያላችሁ ደግሞ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የተቆረጠ ቡሎን፣ የባጃጅ አክስል ካላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልን። የተሰበረበትን ፊት እባካችሁ አትሞርዱት። ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው በኩል ለስለስ ብሎ ቅስት ቅስት መስመር ይታይበታል፤ በመጨረሻ በአንዴ የተበጠሰው ሻካራ ነው። ልጆቹ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ የሚፈልጉት በዚያ ነው። ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ በጆንያ ጠቅልሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር