ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲጻፍ «በዘር የሚተላለፍ» የሚለው አገላለጽ ይታረም

ክቡር አዘጋጅ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ (በሽታ የመከላከል ሥርዓት የገዛ አካልን መገጣጠሚያዎች ስለሚያጠቃበት በሽታ) በወጣው ጽሑፍ በሽታው «በዘር የሚተላለፍ» ተብሎ መጠቀሱ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አድርጎኛል። እናቴ ከዚህ በሽታ ጋር ረጅም ዓመታት ኖራለች። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ጣቶቿ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ሲሏት እያየን ላደግን ልጆቿ ይህ አገላለጽ ቀላል አይደለም። ታናሽ እህቴ አንጓዋን ባመማት ቁጥር ተራዋ የደረሰ ይመስላታል፤ ሲጋራ የሚያጨሰው ወንድሜ ደግሞ «በዘር ከሆነ ባቆም ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ከአንድ ሐረግ ሁለት ስሕተት ተወልዷል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የወንድሜ ነው።

ዘር ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ መንትዮች ላይ የተካሄደ ጥናት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከአንድ እንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲይዘው ሌላውም የታመመው ከ100 ጥንዶች በ15 ያህሉ ሲሆን፣ ከሁለት እንቁላል በተፈጠሩት መንትዮች ግን ቁጥሩ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የዘረመል ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ዘረመላቸው አንድ ከሆነ መንትዮች እንኳ ከ100 ጥንዶች በ85 ያህሉ ሁለተኛው ሳይታመም መገኘቱን ጽሑፋችሁ ቢነግረን ኖሮ፣ እህቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ ባላጣች ነበር።

እስካሁን ከታወቁት የዘረመል ልዩነቶች ሁሉ ጠንካራው ተጽዕኖ የሚታየው ኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 በተባለው ጂን ላይ ነው። በዚህ ጂን መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን በአንዳንድ ሕዋሳት ገጽ ላይ ተቀምጦ የሌሎች ፕሮቲኖችን ቁርጥራጭ ይዞ ለነጭ የደም ሕዋሳት የሚያሳይ ሲሆን፣ እነርሱም ያዩት ነገር የራስ ይሁን የባዕድ የሚለዩት በዚህ መንገድ ነው። ተመራማሪው ፒተር ስታስትኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከዚህ የጂን ቤተሰብ አንዱ ዓይነት በሕሙማን ላይ ከጤነኞች ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፒተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ለበሽታው የሚያጋልጡት የጂኑ ዓይነቶች በፕሮቲኑ ላይ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ባለው ስፍራ የሚመሳሰል የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል እንዳላቸው አስተዋሉ። አንድን ሙሉ አካል ለሕመም የሚያጋልጥ ልዩነት በአምስት አሚኖ አሲዶች ስፍራ ላይ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሆኖም ይህንኑ ልዩነት ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ በጤና የሚኖሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሐኪሞችም በሽታው መኖሩን የሚወስኑት መገጣጠሚያውን መርምረው፣ የደም ምርመራውን አይተው እንጂ በጂን ምርመራ አይደለም።

ወንድሜ ሊያነበው ይገባ የነበረው፣ ነገር ግን በጽሑፋችሁ ያልተነሣው ጉዳይ ከዚህ ይቀጥላል። በሰውነታችን ውስጥ አንዳንድ ኢንዛይሞች በፕሮቲን ላይ ያለውን አርጊኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ ሲትሩሊን ይለውጡታል፤ የሲጋራ ጭስ ደግሞ ይህን ለውጥ በሳንባ ውስጥ ያባብሰዋል። ከላይ የጠቀስኳቸው የጂን ዓይነቶች የሚሠሩት ፕሮቲን እንዲህ የተለወጡ ቁርጥራጮችን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በሽታ የመከላከል ሥርዓቱ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላት ሊያመርትበት ይችላል። እነዚህም መገጣጠሚያው ከመታመሙ ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። በስዊድን የተካሄደ ጥናት፣ የሚያጋልጠውን የጂን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ አጫሾች፣ ጂኑም ከሌላቸው ከማያጨሱም ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት በሚታዩበት የበሽታው ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው 21 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ቤተሰቡ ውስጥ በሽታው ያለበት ሰው ሲጋራ ለማቆም ከሌላው ሰው የበለጠ ምክንያት አለው ማለት ነው፤ የወንድሜ ድምዳሜ ፍጹም ተገላቢጦሽ ነው።

«እጥፍ» የሚለው ቃልም ብቻውን ሊጻፍ አይገባውም። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ተጋላጭነቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል ሲባል ያስደነግጣል። በሽታው በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ከ100 ሰው 1 ሰው ይይዛል ብንል እንኳ፣ ሦስት እጥፉ ከ100 ሰው 3 ሰው ነው። እህቴ ይህን ስሌት ከጋዜጣ ላይ ማግኘት ነበረባት፤ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ።

ሌላም የሚቀር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 101 የዘረመል ስፍራዎችን ለይቷል፤ በ2022 የወጣውና ከ276 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ደግሞ 124 አድርሷቸዋል። አብዛኞቹ ለየብቻ ያላቸው ተጽዕኖ ትንሽ ነው፤ ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል። ለምሳሌ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቀው የፒቲፒኤን22 ጂን ልዩነት በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቻላል። በእነዚህ ጥናቶች አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ተሳታፊዎች ድርሻ አነስተኛ ስለሆነ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ ተመሥርቶ የተሠላ የተጋላጭነት ግምት ለእነርሱ እኩል ይሠራል ተብሎ ሊጻፍ አይገባም።

ስለዚህ በዓምዳችሁ ማረሚያ እንድታወጡ፣ በማረሚያውም «በዘር የሚተላለፍ» በሚለው ፈንታ «የዘረመል ተጋላጭነት ያለው» የሚለውን እንድትጠቀሙና የሲጋራውን ነገር ሳትዘሉ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣው ሲወጣ አንድ ቅጂ ለወንድሜ እወስድለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ